ከቡሌ ሆራ የገና ሜዳ እስከ ናይሮቢ በረዶ

ቡሌ ሆራ በሞያሌ መስመር ላይ የማደሪያ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 467 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የደከመ መንገደኛ ማታ ይገባባታል፤ ጥብሱን በልቶ ይተኛል፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ያቤሎ ይወርዳል። የድሮ ሾፌሮችና ረዳቶች እስከ ዛሬ «ሀገረ ማርያም! ሀገረ ማርያም!» እያሉ ነው የሚጠሯት። በገና ሰሞን ወደ ሞያሌ ስወርድ እኔም አልጋ የያዝኩት ለአንድ ሌሊት ነበር። በዓሉን ግን እዚያው አሳለፍኩ፤ ከዚያም ጉዞዬ ጨርሶ ወዳላሰብኩት ቦታ፣ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳለ የበረዶ ሜዳ ወሰደኝ።

ጧት ተነስቶ ቡሌ ሆራን በእግሩ የዞረ ሰው ይወዳታል። ጭጋጉ ከእንሰቱና ከጽዱ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ቀዩ አፈር የሌሊቱን እርጥበት እንደያዘ ይገለጣል። ከቀርጫና ከሐምበላ ወገን የመጣ ቡና በጭነት መኪና ያልፋል። የጉጂ ሴቶች ወተታቸውን በጮጮ ይዘው ገበያ ይገባሉ፤ ባጃጁ በመሀላቸው ይሹለከለካል። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በሻይ ቤቶቿ የማይሰማ የአገራችን ቋንቋ የለም። የገና ዕለት ጧት አንዲት እናት ቤታቸው ጠርተውኝ ቡና ቀላ አቀረቡልኝ። የቡናውን ፍሬ ከነገለፈቱ፣ ጫፉን በጥርሳቸው ነከስ እያደረጉ በሸክላ ላይ በቅቤ ይቆሉታል። ፍሬው ሲንጣጣ ቤቱ በመዓዛው ይሞላል። መጀመሪያ ይመረቃል፣ ከዚያ ይበላል። ቡናን ጠጥቶ ብቻ ለኖረ ሰው ያንን ፍሬ ማኘክ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ከቀትር በኋላ ከከተማው ዳር ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። የገና ጨዋታ ነበር። በአንድ ወገን ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ተማሪዎች፣ በሌላው ወገን የከተማው ልጆችና ከገጠር ለበዓል የወጡ ጎረምሶች ተሰልፈዋል። ዳኛ የለም፤ ሰዓት የሚይዝም የለም። በኦሮሞ ዘንድ ይኸው ጨዋታ ቂሌ ይባላል፤ ስለዚህ ደንቡን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሩሩ፣ ማለት ኳሱ፣ ከእንጨት የተድቦለቦለ ነው፤ ሲመታ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል።

ዓይኔን የያዘው አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ዕድሜው ከ17 አይበልጥም፤ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። ሌሎቹ ሩሩን ባገኙት ቁጥር በሙሉ ኃይላቸው ይለጉታል። እሱ አይመታውም። በዱላው ቆልማማ ጫፍ ያዝ አድርጎ እየገፋው ይሮጣል። አንድ ግንባሩ የሰፋ ጎረምሳ ከፊቱ እየተንደረደረ መጣበት። ልጁ ትከሻውን ወደ ግራ አሳየው፣ ዱላውን በአንድ እጁ አዙሮ ሩሩን በጎረምሳው እግሮች መካከል ሰደደና በስተቀኝ ዞሮ ከጀርባው ተቀበለው። ከሁሉ ያስገረመኝ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ጊዜ ወደ መሬት አለማየቱ ነው። አንገቱ ቀና እንዳለ ነው። ሩሩ የት እንዳለ ዱላው ይነግረዋል፤ ዓይኑ የሚፈልገው ጓደኞቹ የቆሙበትን ቦታ ነው።

ከሜዳው ጠርዝ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ዱላ በቢላ ይጠርባሉ። «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ዱላ ማን ሠራላቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ። ወይራ ነው። ቀጥ ያለውን በእሳት አጉብጠህ ብትሠራው አንድ ገና አያወጣም፣ ይሰነጠቅብሃል። ዛፉ ላይ እያለ የጎበጠውን ነው መፈለግ። እሱን ለማግኘት ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ጫካ ለጫካ መዞር ነው።»

ከጎናችን የቆመ አንድ የሞያሌ ነጋዴ ነገሩን ይሰማ ኖሮ ጣልቃ ገባ። «ወንድሜ፣ ይሄንን ጨዋታ እኮ ናይሮቢ በበረዶ ላይ ሲጫወቱት አይቻለሁ» አለኝ። ከአፉ እንዲያወጣው የፈለግሁትን ሁሉ ያለ ልመና ነገረኝ። እህቱ ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ትኖራለች፤ እሁድ ልጆቿን ይዛ ሞምባሳ መንገድ ላይ ወዳለው ፓናሪ ሆቴል ወስዳዋለች፤ እዚያ እግራቸው ላይ ስለት ያሰሩ ልጆች ቆልማማ ዱላ ይዘው በበረዶ ላይ ይፈስሳሉ። «እንደኛው ጥቁሮች ናቸው» አለ ደጋግሞ። «ፈረንጅ አይደሉም።»

የዚያን ዕለት ማታ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ በስልኩ አንድ የሆኪ ጨዋታ ፈልጎ አሳየኝ። ሰኔ 24 ቀን 2013 ቦስተን ላይ የተደረገ የዋንጫ ጨዋታ ነው (የውጭውን ታሪክ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የቺካጎ ብላክሆክስ ቡድን 2 ለ 1 እየተመራ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲቀረው ቺካጎዎች አቻ ሆኑ። ከዚያ በ17 ሰከንድ ውስጥ አንድ ተከላካይ ከሩቅ መታ፤ ኳሱ፣ ማለት ፓክ የሚባለው ጠፍጣፋ ጎማ፣ የሰው ዱላ ነክቶ የግቡ ብረት መለሰው፤ ዴቭ ቦላንድ የተባለው አጥቂ ደርሶ ከተተው። 3 ለ 2። የዓለም አንጋፋው የሆኪ ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕ፣ የቺካጎ ሆነ። ያንን የመጀመሪያውን ምት የመታው ተከላካይ ጆኒ ኦዱያ ይባላል። ኦዱያ! ስሙን ሲሰማ የሞያሌው ነጋዴ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ የሉኦ ስም ነው!»

እውነቱን ነው። አባቱ ኬንያዊ የሉኦ ተወላጅ፣ እናቱ ስዊድናዊት ናቸው። ጆኒ በ1981 ስቶክሆልም ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ፍሬድሪክም የሆኪ ተጫዋች ነበር፤ በ1993 ክለቦች ወጣቶችን በየተራ ሲመርጡ የሳንሆሴው ቡድን መርጦት በአሜሪካ በዝቅተኛ ሊጎች ለዓመታት ለፍቷል። ትንሹ ወንድም የታላቁን ዱካ ተከትሎ በጉርምስናው ወደ ካናዳ ተሻገረ። በ2001 ዋሽንግተን ካፒታልስ መረጠው፤ ግን 221ኛ አድርጎ ነው። በዚያ ቁጥር የተመረጠ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ወረቀት ላይ ይቀራል። የኦዱያም ለጊዜው ቀረ። ወደ ስዊድን ተመልሶ በአገሩ ክለቦች እየተጫወተ ጥርሱን ነከሰ። በ2006፣ በ25 ዓመት ዕድሜው አካባቢ፣ ኒው ጀርሲ ዴቭልስ ወሰደው፤ ከዚያ በሰሜን አሜሪካው ታላቁ የሆኪ ሊግ 12 የውድድር ዘመን ቆየ።

የባለሙያ ሆኪ ተጫዋችን ሕይወት ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው ዋንጫውና ደመወዙ ነው። የኦዱያን ዓመታት ተከትሎ ላየ ግን ሌላ ነገር አለ። በየካቲት 2010 ኒው ጀርሲ አንድ ሩሲያዊ ኮከብ ፈልጎ እሱን ከሌሎች ጋር ለአትላንታ ሰጠው። ሰው ጧት ከልምምድ ሲወጣ ሻንጣህን ያዝ ይባላል፤ ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ጓደኞቹ በአንድ ስልክ ጥሪ ይቀየራሉ። በ2011 ደግሞ የአትላንታው ክለብ ራሱ ከነተጫዋቾቹ ተነቅሎ ወደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታላቅ ወንድሙ ፍሬድሪክ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ሐዘኑን ይዞ በየካቲት 2012 ለሦስተኛ ጊዜ ተዛወረ፤ ወደ ቺካጎ። የዋንጫው ምት የተመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ2014 በሶቺ ኦሎምፒክ ከስዊድን ጋር ብር አገኘ፤ በ2015 ከቺካጎ ጋር ሁለተኛ ዋንጫ በላ። በዚያ ሊግ ዋንጫ የበላ ተጫዋች ስሙ በዋንጫው ብረት ላይ ይቀረጻል። ከናይሮቢ በስተምዕራብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከሚኖር ሕዝብ የወጣ የቤተሰብ ስም ዛሬ እዚያ ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ይህን እያየን የሻይ ቤቱ ወጣቶች ዙሪያዬን ከበው ጥያቄ ያዘንቡ ጀመር። በረዶው አያንሸራትትም ወይ? ፓኩ ለምን አይነጥርም? ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው? የማውቀውን ነገርኳቸው። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሆነ ሦስት ክፍል አለው። በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ከአንድ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው። ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በ45 ሰከንድ አካባቢ፣ ትንፋሹ አልቆ በሌላ ይቀየራል፤ ሲያርፍ ቆይቶ ደግሞ ይገባል። ፓኩ ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፤ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከርማል። ጠንካራ ምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። አንድ የታላቁ ሊግ ቡድን በመደበኛው ውድድር ብቻ ከ80 በላይ ጨዋታ አለው። «ከ80 በላይ?» አለ አንዱ። «እኛ እኮ በዓመት አንድ ቀን ነው የምንጫወተው።»

ያ ንግግር ከነፍሴ አልወጣም። በማግስቱ ጉዞዬን ወደ ናይሮቢ ለማድረግ የወሰንኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ከቡሌ ሆራ በታች አገሩ ይለወጣል። ፊንጫዋን እንዳለፉ አረንጓዴው ይሳሳል፤ ያቤሎ አካባቢ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቀይ የምስጥ ኩይሳ በግራር መሀል ይቆማል። የቦረና ግመልና ከብት፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ከዚያ ሞያሌ። ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ በስተግራም የኬንያ ተራራ። 5,199 ሜትር የሚረዝመው ይህ ተራራ በምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ ጫፉ ላይ እስከ ዛሬ የበረዶ ግግር ቅሪት አለው። በአውቶቡሱ መስኮት ሳየው ነጋዴው የነገረኝ ነገር ከእንግዳነት ወረደልኝ።

የፓናሪ ሆቴል የበረዶ ሜዳ በ2005 የተከፈተ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያው። በሩን ሲገፉት ብርዱ ፊትን ይመታል። ውጪ የናይሮቢ ሙቀትና የመኪና ጭስ፣ ውስጥ የትንፋሽ ጉም። ከወለሉ ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች በጣም የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዞራል፤ በላዩ ውኃ በስሱ እየተደራረበ እንዲረጋ ይደረጋል። ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ሜዳው ከመደበኛው የሆኪ ሜዳ በጣም ያንሳል፤ መደበኛው 60 ሜትር ርዝመት አለው። ግን በረዶ ነው፣ ልጆችም አሉበት።

የኬንያ አይስ ላየንስ የሚባለው ቡድን የተወለደው እዚህ ነው። ሲጀመር ዱላውንና ጨዋታውን ያመጡት በናይሮቢ የሚሠሩ ካናዳውያንና አሜሪካውያን ነበሩ። ኬንያውያኑ ልጆች ደግሞ ከመንገድ መጡ፤ ብዙዎቹ በአስፋልት ላይ ባለጎማ ስኬት ሲነዱ ያደጉ ናቸው። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አካባቢ በመኪና መሀል በስኬቲንግ የሚሹለከለኩትን ልጆች ያየ ሰው እነዚህን ያውቃቸዋል። ሚዛኑ አስቀድሞ እግራቸው ውስጥ ነበር፤ የቀረው ጎማውን በስለት መተካት ነው። አንድ ትልቅ ችግር ግን ነበረባቸው። በአካባቢው ሌላ ቡድን ስለሌለ ተጋጣሚ አልነበራቸውም። ለዓመታት ለሁለት እየተከፈሉ እርስ በርስ ተጫወቱ። በ2018 አንድ የካናዳ የቡና ቤት ድርጅት 12ቱን ወደ ካናዳ ወሰዳቸው፤ የመጀመሪያውን እውነተኛ ግጥሚያቸውን አደረጉ፤ ሲድኒ ክሮስቢና ናታን ማኪነን፣ በዘመናችን ካሉት ታላላቅ ተጫዋቾች ሁለቱ፣ የእነሱን ማሊያ ለብሰው አብረዋቸው ተሰለፉ። በ2024 ደግሞ ኬንያ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆነች።

እኔ በደረስኩበት ምሽት ልምምድ ነበር። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የማይሞላቸው ልጆች ከመቀመጫው ሥር ተደርድረው ጫማቸውን ያስራሉ። ክሩን ከጣት ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት በየቀዳዳው ማጥበቅ ይጠይቃል፤ ላላ ካለ እግር ይጠመዘዛል። አንዲት ልጅ ኃይሏ አልደርስ ቢላት እግሯን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ፤ ተንበርክኬ አሰርኩላት። ተነስታ ሄደች። ስለቱ በረዶውን ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ ስስ ጨርቅ ሲቀደድ ያለውን ይመስላል። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ ድምፁ ጣሪያውን ይመታል። ልጆቹ ፓኩን እየገፉ በረድፍ ሲያልፉ ደጋግሞ የሚጮኸው አንድ ነገር ነው፦ ወደ በረዶው አትዩ፣ አንገታችሁን ቀና አድርጉ፣ ጓደኛችሁን ፈልጉ!

ይህን ለመማር ዓመታት ይወስዳል። በሆኪ ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ እንደሆነ አሰልጣኙ ራሱ በዕረፍቱ ነገረኝ፤ አንገቱን የደፋ ተጫዋች የሚመጣበትን አያይም፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ያልታየ ግጭት አጥንት ይሰብራል። ቡሌ ሆራ ላይ ያየሁት ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ዱላ ቢይዝ የት ሊደርስ እንደሚችል አስቤ እዚያ ብርድ ውስጥ ቆሜ ልቤ ተቃጠለ።

«የበረዶ ስፖርትና ኢትዮጵያ ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ መልሱ ተሰጥቶ አድሯል። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ስኪ ለምዶ፣ የአገሩን የስኪ ፌዴሬሽን አቋቁሞ በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ገብቷል። በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በ2010 በቫንኩቨር ደገመው። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ መንገድ ባለጎማ ስኪ አድርጎ ሲለማመድ ያዩት ሰዎች ይገረሙ ነበር። ሜዳልያ አላመጣም፤ ከኋላ ከገቡት መካከል ነው። ለእኔ ግን ያ ሰው በረዶ ላይ የተከለው ባንዲራ ከብዙ ሜዳልያ ይከብዳል፤ ከእሱ በፊት በሩ ተዘግቶ ነበርና።

በር የመክፈት ነገር ከተነሳ ዊሊ ኦሪን ማለፍ አልችልም። በታላቁ የሆኪ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ ሞንትሪያል ላይ የገባው ጥር 18 ቀን 1958 ነበር፤ በእኛ ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም፣ የከተራ ዕለት። በቀኝ ዓይኑ እንደማያይ ለማንም አልተናገረም፤ ቢታወቅ አያሰልፉትም ነበር። ፓክ መትቶት ነው ዓይኑን ያጠፋው። በሊጉ 45 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ በ2018 ግን በሆኪ የዝና አዳራሽ ስሙ ገባ፣ በ2022 ቦስተን 22 ቁጥር ማሊያውን ለዘለዓለም ሰቀለለት።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። በረዶ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው፤ ናይሮቢ በአንድ ሆቴል ውስጥ ገዝታዋለች፤ አዲስ አበባም ሆቴል የሞላባት ከተማ ናት። እጅና ዓይን ግን አይገዛም። እሱ በየገናው በየሜዳው እየታየ፣ በማግስቱ ዱላው ጣሪያ ሥር እየተሰቀለ ለዓመት ይተኛል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን የገና ጨዋታን ከነደንቡ በዓመታዊ ውድድሩ ውስጥ ይዞታል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። አሁን የሚቀረው ጨዋታውን ወደ ትምህርት ቤት ማውረድ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋጠሙበት ነገር ማድረግ ነው። የስፖርት መምህራን፣ ይህ በእጃችሁ ነው፤ ዱላው ወይራ ነው፣ ሩሩ እንጨት ነው፣ ሜዳው አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከየክልሉ የመጣውን ልጅ አንድ ቦታ ሰብስበውታልና ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም። አቅም ያላችሁ ወገኖችም ከቡሌ ሆራ፣ ከያቤሎ፣ ከነገሌ ሁለት ሦስት ጎበዝ ልጆች መርጣችሁ ለአንድ የዕረፍት ወር ናይሮቢ ላኩልን። አይስ ላየንስ እንግዳ ይወዳል፤ ተጋጣሚም ሲፈልግ የኖረ ቡድን ነው። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ መንገዱ አስፋልት ነው፣ አውቶቡስም በየቀኑ አለ።